«ነጭ አሳ» ሲባል የቱ ነው?

ባሕር ዳር ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። አስተናጋጇ መጣች። «ምን አሳ አላችሁ?» አልኳት። «ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ አሳ አለ» አለችኝ። ነጭ አሳ ስትል ምራቄን ዋጥኩ። ከአንድ ወር በፊት አርባ ምንጭ ነበርኩ። እዚያ ነጭ አሳ ሲባል የሚቀርበው ወፍራም ሙዳ ነው። አጥንት የሚባል ነገር የለበትም። ዳጣ አስነክቶ መጉረስ ብቻ ነው።

«ነጭ አሳ ጥብስ» አልኩ።

የመጣው ሌላ ነገር ነው። ከነጭንቅላቱ፣ ከነጅራቱ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ የተጠበሰ አሳ። ትእዛዝ ተቀያይሮ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ርቦኛል፣ ጀመርኩት። ለጣዕሙ ምንም አይወጣለትም። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ፀጉር የምታህል አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ስክት አለች። ልጅቷ ሮጣ መጣች። «ጋሼ፣ እንጀራ ጠቅልለው ሳያላምጡ ዋጥ ያርጉ!» አደረግኩት። (ሐኪም የሚመክረው ነገር አይደለም። የእኔዋ ግን ወረደች።) እንባዬን ጠርጌ «እኔ እኮ ያዘዝኩት ነጭ አሳ ነው» አልኳት።

«እሱ ራሱ ነው እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔም አልዋሸሁም። ሁለታችንም ያልነው «ነጭ አሳ» ነው። በልባችን የነበረው አሳ ግን ሁለት ነው።

ሁለቱ ነጮች

አርባ ምንጭ ላይ ነጭ አሳ የሚባለው በእንግሊዝኛ ስሙ ናይል ፐርች ተብሎ የሚታወቀው ነው። ጫሞና አባያ ውስጥ ይኖራል። ባሮና ኦሞ ውስጥም አለ። አዳኝ ነው፤ ሌላ አሳ እየበላ ያድጋል። ዕድሜ ካገኘ 2 ሜትር ሊረዝም፣ 200 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እርግጥ መረብ በበዛበት ሐይቅ ውስጥ እዚያ እስኪደርስ የሚታገሰው የለም። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው። ጎኑ ላይ ቢላ አስገብታችሁ ስትገፉት ወፍራም ሙዳ ይወጣል። የከተማ ሆቴሎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ለጉላሽም፣ ለኮተሌትም፣ ለዱለትም እንዳሻችሁ ትቆርጡታላችሁ።

ጣና ላይ ነጭ አሳ የሚባለው ደግሞ ሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚለው ዘር ነው። የካርፕ ቤተሰብ ነው። ከናይል ፐርች ጋር ያለው ዝምድና የበግና የድመትን ያህል እንኳ አይቀርብም። እንደ ካርፕ ሁሉ ሥጋው ውስጥ ከአከርካሪው ጋር ያልተያያዙ ቀጫጭን አጥንቶች ተሰግስገዋል። እነሱን በቢላ ገፎ ማውጣት አይቻልም። የጣና ባለሙያዎች ጎኑን ጠጋ ጠጋ አድርገው የሚተለትሉት ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ቢላው አጥንቶቹን ይቆራርጣቸዋል፣ የጋለው ዘይት ደግሞ ያደርቃቸዋል። በደንብ የተተለተለና በደንብ የተጠበሰ ነጭ አሳ ኩርሽም እያለ ነው የሚበላው። የእኔ አሳ ያልታደለችው ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። ዓባይ የሚወጣው ከጣና ነው። ናይል ፐርች የዓባይ አሳ ነው፤ ስሙም ይናገራል። ታዲያ ጣና ውስጥ እንዴት ጠፋ? መልሱ ጢስ ዓባይ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ውሃው 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከታች የመጣ አሳ ያንን ግድግዳ አይወጣም። ከፏፏቴው በላይ ያሉት አሳዎች ለብቻቸው ኖረዋል፣ ለብቻቸው ተባዝተዋል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የቀረበላችሁ አሳ የጣና ከሆነ፣ ነጭም ይባል ጥቁር፣ ናይል ፐርች አይደለም።

«ነጭ» ምን እያለን ነው?

አማርኛ «ነጭ»ን ስም ላይ ሲለጥፍ ሁልጊዜ ስለ ቀለም እያወራ አይደለም። ነጭ ጋዝን አስቡት። ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ውሃ ይመስላል እንጂ ነጭ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ግን አዝሙድ ነው። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ለሰሚው የአንድ ተክል ሁለት ዓይነት ይመስላሉ። አይደሉም። ቤተሰባቸው እንኳ የተለያየ ሁለት ተክሎች ናቸው። በርበሬ የምታዘጋጅ እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አንዱን በሌላው ቦታ አትጨምርም። «ነጭ» እዚያ ላይ ሥራው መለየት ነው። «ያኛውን ሳይሆን ይሄኛውን» ማለት ነው።

አሳው ላይም እንደዚያው ይመስለኛል። አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ አስቡት። አምባዛ አለ፤ ጥቁር፣ ቅርፊት የሌለው፣ እጅ ላይ የሚያሟልጭ። ቀረሶ አለ፤ ግራጫ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ። ከእነሱ መሃል ቅርፊቱ ብር መስሎ የሚያብለጨልጭ ሲወጣ ያ «ነጩ» ነው። ጫሞ ላይም መረቡ ውስጥ ጠቆር ጠቆር ያሉት አሳዎች አሉ። ከእነሱ መሃል የሚያበራው ግን ናይል ፐርች ነው። ሥጋው ሲቆረጥም ነጭ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ስም ቢያወጡ አይገርምም።

ስለዚህ «ነጭ አሳ» የሚለው ስም ሲዘረዘር «እዚህ ሐይቅ ውስጥ ካሉት አሳዎች ነጩ» ማለት ነው። «እዚህ ሐይቅ» የሚለውን የሚናገረው ግን የለም። ሻጩም ገዢውም እዚያው ስለሆኑ ምን ያደርግላቸዋል? ጣጣው የሚመጣው አሳው በረዶ ለብሶ መኪና ላይ ሲወጣ ነው። ስሙ አብሮ ይጫናል፣ ሐይቁ እዚያው ይቀራል። አዲስ አበባ ሲደርስ የጫሞውም የጣናውም «ነጭ አሳ» ተብለው አንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ።

ተቃራኒውም አለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት ሄዳችሁ የምታውቁ ትዝ ይላችኋል። ጀልባዎቹ ይጠጋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ደላላ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ፣ ልጆች አሳ ይገፋሉ። እዚያ ላቤዮባርበስ ሲወጣ ነጭ አሳ የሚለው የለም፤ ቢልጫ ነው የሚባለው። ዝዋይም ቢልጫ ነው። የጣናው ነጭ አሳ ሥጋ ዘመድ ነው እንግዲህ። አንድ ስም ለሁለት አሳ፣ ሁለት ስም ለአንድ ዘር።

ቀረሶ ትንሽ ይሻላል። ጣና ላይ ቀረሶ የሚሉት አሳ ደቡብ ሲወርድ ቆሮሶ ይሆናል። አናባቢው ተቀየረ እንጂ አሳው ያው ነው። ፈረንጁ ቲላፒያ የሚለው እሱ ነው። «ቲላፒያ» ራሱ የሰፈር ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንድሩ ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1840 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ላገኘው አሳ ስም ሲያወጣ የአካባቢውን ቃል ወሰደ። በጽዋና ቋንቋ «ትላፒ» ማለት አሳ ማለት ነው። በቃ፣ አሳ። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ቲላፒያ አሳ» ይላል። ሲተረጎም «አሳ አሳ» መሆኑ ነው።

ጎረቤትም፣ ባሕር ማዶም

በነጭነት ግራ የተጋባነው እኛ ብቻ አይደለንም። ግብፆች ናይል ፐርችን «ቅሽር በያድ» ይሉታል። ነጭ ቅርፊት እንደ ማለት ነው። በዚያው አገር «በያድ» ብቻ የሚባል ሌላ አሳ ደግሞ አለ። ያኛው ቅርፊት የሌለው፣ ለአምባዛ የሚቀርብ ዘር ነው። ካይሮ ገበያ ላይ «ቅሽር» የምትለዋን ቃል የዋጠ ሰው ሌላ አሳ ይዞ ቤቱ ይገባል። ሱዳኖች ደግሞ ናይል ፐርችን «ዒጅል» ይሉታል፤ ጥጃ። መጠኑን ላየ ሰው ይህ ስም ማብራሪያ አይፈልግም።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በኬንያ ሉዎዎች ዘንድ ምቡታ፣ በታንዛኒያ ሳንጋራ ይባላል። እዚያ የተፈጥሮ ነዋሪ አልነበረም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰው አምጥቶ ጨመረው። ከዚያ በኋላ የሐይቁን ትናንሽ አሳዎች ጠራርጎ በላ፤ ብዙ ዝርያዎች ጠፉ። በሌላ በኩል ትልቅ የውጭ ንግድ ሆነ። ጀርመን የምትኖሩ ወገኖች ሱፐርማርኬት ውስጥ «ቪክቶሪያባርሽ» ተብሎ በረዶ ቤት ውስጥ የምታዩት ያው የአርባ ምንጩ ነጭ አሳ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ «ነሲኻት ሃኒሉስ» ስትሉት ትኖራላችሁ፤ የናይል ልዕልት። የሙዳውን ስፋት አይታችሁ «የአገር ቤቱን ይመስላል» ብላችሁ ከሆነ፣ አልተሳሳታችሁም። ክንፍም ቅርፊትም ስላለው በኦሪቱ ሕግ በኩልም ችግር የለበትም። አምባዛ ግን ቅርፊት ስለሌለው ኦሪቱ ይከለክለዋል። እዚህ አገር ቤትም አምባዛን የማይነካ ሰው የበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንዱ ስም ሥር ስንት ነጭ አሳ አለ?

እስካሁን ያወራሁት ነገር ቢበዛ ምሳ ያበላሻል። አሁን የማነሳው ግን ከምሳ ይከብዳል።

ጫሞ ላይ ነጭ አሳ ሲባል አንድ ዝርያ ነው። ጣና ላይ ግን አንድ አይደለም። 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ ከጥቂቶቹ በቀር ከጣናና ከገባሮቹ ውጪ የትም አይገኙም። ከላይ ያልኩት ፏፏቴ ዘግቶባቸው፣ አንድ ሐይቅ ውስጥ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው እየተለየ መጣ። አንዱ ከታች ጭቃ ይፈትሻል። አንዱ ከላይ ነፍሳት ይለቅማል። 8ቱ ሌላ አሳ አዳኞች ናቸው። ይህ የመጨረሻው የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አዳኝ! እንዲህ ያለ ትልቅ የካርፕ ዘመዶች ስብስብ አንድ ሐይቅ ውስጥ ተወልዶ የታየው ሁለት ቦታ ነው። ሌላው ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ነበር። «ነበር» ያልኩት አብዛኞቹ ስለጠፉ ነው።

እነዚህን አሳዎች መጀመሪያ ለሳይንስ ያስመዘገበው ኤዱአርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እስከ ጎንደር ዘልቆ፣ ጣና ደርሶ አሳ ሰበሰበ። በ1835 ዝርዝሩን አሳተመ። ላቤዮባርበስ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ወፍራም ከንፈርና እንደ ሪዝ የሚንጠለጠል ክር ለማለት። መጀመሪያ ስሙን የለጠፈበት የጣና አሳ «ነጅያ» ይባላል። ይህን ቃል አንድ ጀርመናዊ «ነጭ»ን ሰምቶ ሲጽፈው ይታየኛል፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ጆሮ ነው። ሌላውን «ጎርጓሪ» አለው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሌላ ዘር ደግሞ ከነአካባቢ ስሙ መዘገበ፤ ቫሪኮራይነስ በሶ። ጣና ላይ ዛሬም በሶ ነው የሚባለው። የሚበጠበጠው በሶ አይደለም፣ የሚጠመደው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደስ ይለኛል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳይንሱ ራሱ እነዚህን አሳዎች መለየት ሰልችቶት ብዙዎቹን በአንድ ስም ጠቀለላቸው፤ «ይህ ሁሉ አንድ ዝርያ ነው፣ መልኩ ነው የሚለያየው» ብሎ። ማለትም ሳይንስም እንደ ገበያው «ነጭ አሳ» ብሎ አረፈ። እንደገና የፈታቸው በ1990ዎቹ የመጡ የኔዘርላንድ ዋህኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። የአፋቸውን ቅርጽ፣ የዓይናቸውን ቦታ፣ የሆዳቸውን ይዘት፣ የሚራቡበትን ቦታና ጊዜ አንድ በአንድ አይተው ለያዩአቸው።

ታዲያ ይህ ለአጥማጁና ለበላተኛው ምኑ ነው? ብዙ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ገሚሶቹ ለመራባት ክረምት ላይ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። መረብ እዚያ ከተዘረጋ እንቁላል የተሸከሙት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይታፈሳሉ። ያን ጊዜ ገበያው «ዘንድሮ ነጭ አሳ በዝቷል» ይላል። አልበዛም፤ ተሰልፎ ነው የተያዘው። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ከገባ በኋላ፣ በተከታዮቹ ዓመታት የጣና ነጭ አሳ ክፉኛ ቀንሷል።

እዚህ ላይ ነው ስሙ የሚጎዳን። መዝገብ ላይ «ነጭ አሳ፣ ይህን ያህል ኪሎ» ተብሎ ሲጻፍ 15ቱ ዝርያ አንድ መስመር ይሆናል። አንዱ ዝርያ ጠፍቶ ሌላው ቢበዛ፣ ድምሩ ያው ነው። ድምሩን ያየ ሰው ሁሉ ደህና ነው ይላል። በሶ ቢጠፋ በሶ ጠፋ ይባላል፣ ስም ስላለው። ከነጭ አሳዎቹ አንዱ ቢጠፋ ግን ገበያ ላይ ማን ብለን እንጠይቃለን? ስም የለውማ።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው?

ሙሉ አሳ ከሆነ ቀላል ነው። ጅራቱን እዩ። የጣናው ነጭ አሳ ጅራት እንደ ተከፈተ መቀስ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። የናይል ፐርች ጅራት ዙሪያው ክብ ነው፣ እንደ ማራገቢያ። ጀርባውን ዳብሱ፣ ግን በጥንቃቄ። ናይል ፐርች ጀርባው ላይ የሚወጋ የእሾህ ረድፍ አለው። አፉ ትልቅ ነው፣ እጅ ያስገባል። የጣናው ደግሞ ከአፉ ግራና ቀኝ እንደ ሪዝ ያሉ ክሮች ተንጠልጥለውለታል።

ተገፎ ሙዳ ብቻ ከቀረበላችሁ ጅራት የለ፣ ሪዝ የለ። ያኔ ጣታችሁን በሙዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳብ አድርጉት። ጥቃቅን ነገር ከቆረቆራችሁ የጣናው ወገን ነው፤ ቢልጫም ሊሆን ይችላል። ለልጆች ጉላሽ ልትሠሩበት ከሆነ አትውሰዱት። ለጥብስ ከሆነ ግን ሙሉውን ፈልጋችሁ ውሰዱ። በእኔ ምላስ ከናይል ፐርቹ የበለጠ ጣዕም አለው፤ አርባ ምንጮች ይቅር ይበሉኝ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን መጠየቅ ነው፤ «ነጭ አሳው የየት ነው?» አሳ የሚያውቅ ነጋዴ ይህ ጥያቄ አይከብደውም። «የአርባ ምንጭ ነው» ወይም «የባሕር ዳር ነው» ይላችኋል። «ነጭ አሳ ነዋ!» ብሎ ካፈጠጠባችሁ ቆሮሶ ግዙ። የምግብ ቤት ዝርዝር የምታዘጋጁም ብትሆኑ «ነጭ አሳ (የጫሞ)»፣ «ነጭ አሳ (የጣና)» ብላችሁ ብትጽፉ ቅንፏ የሰው ጉሮሮ ታድናለች። ዘገባ ወይም ጥናት የምትጽፉ ከሆነ ግን የሐይቁ ስም አይበቃችሁም። ሳይንሳዊ ስሙን አስገቡ፣ በግዕዝ ፊደልም ቢሆን።

ባሕር ዳር ባለፈው ተመልሼ ሄጄ ነበር። እዚያው ቤት፣ እዚያው ወንበር። «ነጭ አሳ ጥብስ፣ ግን ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይተልተል፣ ደረቅ ይበልልኝ» አልኩ። ልጅቷ ማስታወሻዋ ላይ ልትጽፍ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ያቺ አጥንት ወረደች?»